ባዮጋዝን በሜምብሬን አጣርቶ መሸጥ ለገበሬ ያዋጣል? (ፍኖተ ሰላም፣ 40 ላሞች)

ዳሞት40 (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም አጠገብ ነው። 22 ዓመት አማርኛ አስተማርኩ። ከዚያ ማስተማሩን ትቼ ወደ ወተት ላም ገባሁ። ዛሬ 40 ዲቃላ ላሞች አሉኝ። ግጦሽ አይወጡም፤ እዚያው በረት ውስጥ ነው ድርቆሽና ፉርሽካ የሚበሉት። ስለዚህ እበቱ አንድ ቦታ ላይ ይገኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት የባዮጋዝ ማብላያ (እበት አየር ሳያገኝ ተብላልቶ ጋዝ የሚሰጥበት ጉድጓድ) አሠራሁ። እያንዳንዳቸው 40 ሜትር ኩብ ናቸው። ጋዙ ሞልቷል። ቤት እናበስልበታለን፣ ወተት እናፈላበታለን፣ ገና ይተርፋል። ማታ በረቱ ጸጥ ሲል ትርፉ ጋዝ በዝቃጩ መውጫ በኩል ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲያመልጥ ይሰማኛል። ከተማው ውስጥ ሰው በከሰል ዋጋ ይማረራል፤ እኔ ጓሮ ደግሞ ነዳጅ አየር ላይ ይበተናል። ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ጄኔሬተር ሞከርኩ። የሸጠልኝ ሰው «ጋዙን እንዳለ ይስጡት፣ ምንም አይልም» አለኝ። ሰባት ወር ሠራና ቆመ። መካኒክ ሲፈታው ኩሽኔታው ጠቁሯል። መዳብ ያለበት ነገር ሁሉ ተበልቷል። ዘይቱ ሬንጅ መስሏል።

አሁን ልጄ ስልኩ ላይ አንድ ነገር አሳየኝ። ባዮጋዙን ሜምብሬን በሚባል ነገር ውስጥ አሳልፈው ንጹሕ ሚቴን ያወጣሉ። ከመቶ 97 እጁ ሚቴን ይሆናል ይላል። ጥያቄዬ ይህ ነው። መሣሪያውን አስመጥቼ፣ ጋዙን አጣርቼ፣ በቡታጋዝ ሲሊንደር ሞልቼ መሸጥ እችላለሁ? የምታውቁ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

ቡሬ_ብየዳ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45)

መምህር፣ ሲሊንደር ለመሙላት ሜምብሬንም አያስፈልግዎትም። የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር አንዱን ጫፍ ከማብላያው ቱቦ፣ ሌላውን ከሲሊንደሩ ጋር ማገናኘት ነው። እኔ ራሴ ባልሠራውም ሲሠራ በቪዲዮ አይቻለሁ። ይሞላል፤ ይነድዳልም። ከፈለጉ ቅዳሜ መጥቼ ልገጥምልዎት እችላለሁ።

ቶርኖ_ቤት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05)

ወንድሜ ቡሬ፣ በፈጠረህ ይህን ነገር እንዳትነካው። መምህር፣ እርስዎም እንዳይሞክሩት። እኔ ደብረ ማርቆስ ጋራዥና የቶርኖ ሥራ አለኝ። ኮምፕሬሰር ፈትቼ ስገጥም ነው የምውለው።

የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ሞተሩ ውስጡ ነው። ጋዙ በሞተሩ ጠመዝማዛ ሽቦ ላይ እየተንሸራሸረ ነው የሚያልፈው። ለፍሪጅ ጋዝ ችግር የለውም፤ አየር አይገባበትማ። ባዮጋዝ ላይ ሲገጠም ግን ኮምፕሬሰሩ ከማብላያው በላይ ይስባል። አንድ የላላ መጋጠሚያ ካለ አየር አብሮ ይገባል። ሚቴን አየር ውስጥ ከመቶ ከ5 እስከ 15 ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ያ ድብልቅ ደግሞ እጅህ አጠገብ፣ ብረት ውስጥ ታፍኖ ነው ያለው።

ሌላው ሲሊንደሩ ራሱ ነው። ያልተጣራ ባዮጋዝ ውሃና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለበት። ሁለቱ ሲገናኙ ብረቱን ከውስጥ ይበሉታል። ከውጭ ቀለሙ አዲስ ነው፤ ውስጡን ማንም አያይም። የመምህርን ጄኔሬተር የበላው ያው ነገር ነው።

ላብራቶሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ከባሕር ዳር። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቶርኖ ቤት ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ቁጥሩን ልጨምር። አደጋው ቢቀር እንኳ ይህ ሥራ አይጠቅምም።

ቡታጋዝ መጠነኛ ግፊት ሲያገኝ ፈሳሽ ይሆናል። ሲሊንደሩን ስትወዘውዙት የሚንቦጫረቀው ለዚህ ነው። ሚቴን ግን በዚህ አየር በምንም ግፊት ፈሳሽ አይሆንም። ከዜሮ በታች 82 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ በቀር ቢጨምቁት ቢጨምቁት ጋዝ ሆኖ ይቀራል።

ባለ 12.5 ኪሎ የቡታጋዝ ሲሊንደር ውስጡ 26 ሊትር ገደማ ነው። በ10 ባር (1 ባር የባሕር ወለል አየር ግፊት ያህል ነው) ንጹሕ ሚቴን ብትሞሉት 260 ሊትር ጋዝ ይይዛል፤ ሩብ ሜትር ኩብ ማለት ነው። ጉልበቱ 9 ሜጋጁል ተኩል አይሞላም። ያው ሲሊንደር ቡታጋዝ ሲሞላ 575 ሜጋጁል ይይዛል። 60 እጥፍ። ደንበኛ ሲሊንደሩን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል፣ አንድ ወጥ ይሠራል፣ ያልቃል።

ሚቴን በሲሊንደር የሚሸጠው በ200 ባርና ከዚያ በላይ ተጨምቆ፣ ለዚያ በተሠራ ወፍራም ሲሊንደር ነው። 50 ሊትር የሚይዘው በ200 ባር 8 ኪሎ ያህል ሚቴን ይችላል። ባዶው ብቻ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለመኪና ይሆናል። ለወይዘሮ ኩሽና አይሆንም።

ዳሞት40 (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የፍሪጁን ነገር ትቼዋለሁ። ቡሬ፣ ለቅን ልብህ ግን አመሰግናለሁ።

ሜምብሬኑ ግን አልወጣልኝም። እንዴት ነው አንድ ስስ ነገር አንዱን ጋዝ አሳልፎ ሌላውን የሚያስቀረው? ወንፊት ነው? ወንፊት ከሆነስ እዚህ መሥራት ለምን አይቻልም?

ሞጣ_ስዊድን (ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡30)

መምህር፣ ሞጣ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁን ስዊድን ውስጥ የምግብ ትራፊና የከብት ፍግ የሚያብላላ ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ይኸው እርስዎ የጠየቁት ነው። ጥሬው ባዮጋዝ ይገባልኛል፣ ለአውቶቡስ የሚሆን ሚቴን አወጣለሁ። እዚህ አገር ሊንሾፒንግ የሚባል ከተማ አለ፤ አውቶቡሶቹ በዚህ ጋዝ ይሄዳሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. በባዮጋዝ የሚሄድ ባቡርም ሥራ አስጀምሯል። ስለዚህ ነገሩ ተረት አይደለም። ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት።

ከማብላያ የሚወጣው ጋዝ ከመቶ ከ50 እስከ 70 እጁ ሚቴን ነው። የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጥቂት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። የውሃ ተንም አለ። የሚነደው ሚቴኑ ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እሳት ላይ አይጠቅምም፤ ቦታ ይይዛል፣ ሙቀት ይሻማል።

ሜምብሬኑ ወንፊት አይደለም። ማለቴ፣ ቀዳዳ የለውም። ሞጣ ልጅ ሆኜ ባና ለብሼ ከብት ስጠብቅ ዝናብና በረዶ አብረው ሲወርዱ አስታውሳለሁ። በረዶው ባናው ላይ ነጥሮ ይወድቃል። ዝናቡ ግን ይሰርጋል፤ ሱፉ ውስጥ ይገባል፣ ቆይቶ ጀርባዬ ላይ ይወጣል። ሜምብሬንም እንዲሁ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፕላስቲኩ ውስጥ ሟሙቶ ይገባል፣ ይሰርጋል፣ ግፊት በሌለው በኩል ይወጣል። የውሃ ተንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድም አብረውት ይሄዳሉ። ሚቴን ፕላስቲኩ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፤ ሞለኪውሉም ይወፍራል። ስለዚህ ወዲያ ማዶ አይሻገርም፤ ከነግፊቱ ወደፊት ይሄዳል። ፖሊኢማይድ በሚባል ጥሩ የፕላስቲክ ዓይነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚቴን ከ30 እጥፍ በላይ ይፈጥናል።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1831 ሚቸል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የጎማ ፊኛዎችን በተለያየ ጋዝ ሞልቶ ሲያይ፣ ከሁሉም ቶሎ የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ሆነበት። ፋብሪካ ውስጥ ለመግባት ግን 150 ዓመት ያህል ፈጀ። ምክንያቱም ሽፋኑ እጅግ ስስ ካልሆነ ጋዙ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ዛሬ የሚለየው ንጣፍ ከአንድ ማይክሮ ሜትር በታች ነው፤ የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ነው። ይህን ንጣፍ ውስጡ ባዶ በሆነ ቀጭን ክር ላይ ይሠሩታል። አንድ ቱቦ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ክር ታጭቆ ይገባል። አንዱን የተሰበረ ፈትቼ እጄ ላይ ይዤዋለሁ። የፈረስ ጭራ ይመስላል፤ ነጭ፣ ልስልስ፣ ሲቆርጡት ጫፉ ላይ ቀዳዳው በመከራ የሚታይ።

እዚህ ክር ውስጥ ለመግፋት ጋዙ ከ10 እስከ 16 ባር መጨመቅ አለበት። ለዚህ የሚሄደው መብራት ለአንድ ሜትር ኩብ ጥሬ ጋዝ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

አሁን ማንም የማይነግርዎትን ልንገርዎት። ችግር የሚመጣው ከሜምብሬኑ ሳይሆን ከፊቱ ካለው ነገር ነው። ጋዙ መጀመሪያ መቀዝቀዝና ውሃውን መጣል አለበት። ከዚያ በአክቲቬትድ ካርበን፣ ማለትም ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን በሚይዝ ልዩ ከሰል፣ ማለፍ አለበት። የኮምፕሬሰር ዘይትም እስከ መጨረሻው መጣራት አለበት። እኔ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ክረምት የዘይት ማጣሪያችን ሳይቀየር ሰነበተ። የዘይት ጉም አለፈና ክሮቹ ላይ ተቀመጠ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚወጣው ሚቴን ከ97 ወደ 91 ወረደ። ያንን ዘይት ማጠብ አይቻልም። ሙሉ ቱቦ ተቀየረ። በእንክብካቤ ከያዙት አሥር ዓመት ሊቆይ የሚችል ዕቃ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

የመራዊ_ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15)

ስለ ውሃው የተባለው እኔንም ይመለከተኛል። እናቴ ሜጫ ውስጥ ስንዱ የሚባለው ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ አላት። ያ በ2009 እ.ኤ.አ. በጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የተሠራ ዓይነት ነው።

አንድ ጠዋት ምድጃው እሳቱ ይዘል ጀመር። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ብልጭ ይላል። ቱቦው ውስጥ ዶቅ ዶቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። እናቴ ጋዙ አለቀ ብላ ኩበት አወጣች። እኔ ግን የተማርኩትን አስታውሼ ከጓሮ ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ቧንቧ ከፈትኩት። ግማሽ ጣሳ የሚሆን ጥቁር የሚሸት ውሃ ወጣ። ወዲያው እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ አለ። እናቴ ቡናውን ሳትጨርስ ወጡ ተንተከተከ።

ጋዙ ሞቃት ጉድጓድ ውስጥ ተን ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ ቱቦ ሲያገኝ ያንጠባጥባል። መምህር፣ የእርስዎ ቱቦ ረጅም ከሆነ ተዳፋቱን ይመልከቱት። መሐሉ ላይ ረገብ ያለ ቦታ ካለ ውሃው እዚያ ይተኛል።

እንጀራው ግን አሁንም አልሆነልንም። ወጥና ቡና በባዮጋዝ ነው፤ ምጣዱ በእንጨት ነው። ጋዙ ቢጣራና ሙቀቱ ቢጨምር ምጣዱን ያሟሙቀዋል?

ላብራቶሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00)

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ሚቴን 36 ሜጋጁል ገደማ አለው፤ የናንተ ጥሬ ጋዝ 21 ያህል። ስለዚህ ነበልባሉ ይበረታል። ግን ሲጣራ ጋዙ በመጠን ይቀንሳል። ጠቅላላ ጉልበቱ አይጨምርም፤ እንዲያውም ጥቂት ይጠፋል። የምጣዱ ችግር ሙቀቱን በምጣዱ ሆድ እኩል የሚበትን ምድጃ ማጣት ነው። ቀለበቱ ሰፊ፣ ቀዳዳው ብዙ የሆነ ምድጃ ለጥሬ ጋዝም ይሠራል።

ወደ መምህር ልመለስ። ያለብዎት ዋና በሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ከከብት እበት ከ1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1,000 እጅ) በላይ ማግኘት የተለመደ ነው። ለእሱ ሜምብሬን አያስፈልግም። ዝገት ይበቃዋል።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ዝገት ሲነካ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ ዝገቱ ይጠቁራል። በኋላ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ቀይ ይሆናል፣ ድኙን ይለቃል። ጥቂት ጊዜ መልሰው ይጠቀሙበታል። የመራዊና የቆጋ ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በብረት ኦክሳይድ ነው፤ እሱንም ለዚህ መጠቀም ይቻላል። ግን አፈር ጋዙን ያፍነዋል፤ ከገለባ ጋር መደባለቅ አለበት። የዛገ የቶርኖ የብረት ፍርፋሪ ይሻላል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። በቀን 30 ሜትር ኩብ ጋዝ፣ 2,000 ፒፒኤም ቢኖርበት፣ በቀን ከ80 እስከ 90 ግራም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ የብረት ኦክሳይድ በወረቀት ላይ 640 ግራም ያህል ይይዛል። ፍርፋሪው የሚዝገው ላዩ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በጣም ያነሰ ይጠብቁ። ሁለት ቱቦ ያድርጉ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይረፍ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የጠቆረው ብረት አየር ሲያገኝ ይሞቃል። ደረቅ ከሆነና አየሩ በድንገት ከገባ ይቀጣጠላል። ውጭ ላይ፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ ቀስ ብለው ይክፈቱት። ጎንበስ ብለውም አያሽትቱት። ይህ ጋዝ ሲበዛ መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን ነው፤ ሽታው ሲጠፋ ሰው ጋዙ የሄደ ይመስለዋል።

ቶርኖ_ቤት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20)

ፍርፋሪው እኔ ጋ ሞልቷል፤ የሚወስደው ሰው አጥቼ የምጥለው ነው። መምህር፣ ሁለት ማዳበሪያ እልክልዎታለሁ። ዘይት ስለነካው በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ጨው ውሃ ረጭተው ሳምንት ፀሐይ ላይ ያስጡት። ራሱ ይዝጋል።

ጮቄ_ሥር (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡50)

እኔ ያልገባኝ አለ። ሁላችሁም ስለ ሜምብሬን ታወራላችሁ። ጎጃም ውሃ አጥታ አታውቅም። ከጮቄ ስንት ወንዝ ነው የሚወርደው? ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ እንደሚታጠብ አንብቤያለሁ። ከውጭ የሚመጣ ክር ከማሳደድ በውሃ አናጥበውም?

ሞጣ_ስዊድን (ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡00)

የጮቄ ወንድሜ፣ ያነበብከው እውነት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ ከሚቴን 25 እጥፍ ገደማ ይሟሟል። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ይበልጥ ይይዛል፤ የጮቄ ውሃ ለዚህ ይመቻል። እዚህ አገር ብዙ ጣቢያዎች በውሃ ነው የሚያጥቡት።

ግን ውሃውም ግፊት ይፈልጋል፤ እስከ 10 ባር ይደርሳል። ጋዙ ከታች ይገባል፣ ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ ረጅም ማማ ያስፈልጋል። ካጠበ በኋላ ውሃውን መልሶ ማናፈስ አለብህ። ወንዝ ውስጥ ከለቀቅከው የሟሟው ሚቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አብሮ ይሄዳል። በጥገና በኩል ግን አልከራከርህም። ፓምፕና ማማ ደብረ ማርቆስ ላይ ይጠገናል። ክር አይጠገንም። አንድ ቀን ጎጃም ላይ ትልቅ ጣቢያ ቢተከል እኔ ሁለቱንም ነው የማወዳድረው።

ላብራቶሪ ያለውን በተመለከተ አንድ ልጨምር። ብዙ ሰው ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ለመቀነስ ማብላያው ውስጥ ጥቂት አየር ያስገባል። ርካሽ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ድኙን ያረግፉታል። ሜምብሬን ለሚያስብ ግን በኋላ የሚያስከፍል ነገር ነው። አየር አራት አምስተኛው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን በሜምብሬን አይለይም፤ ከሚቴኑ ጋር አብሮ ይቀራል። ከመቶ 5 አየር ከጨመርክ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ መውጣት በኋላ ናይትሮጅኑ ከመቶ 6 ገደማ ይሆናል። 97 ለማግኘት ያለህ ዕድል ያኔ ተዘጋ። ከመነሻው የትኛውን መንገድ እንደምትይዝ መወሰን ያለብህ ለዚህ ነው።

ዳሞት40 (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ልጆቼ፣ ብዙ ተማርኩ። ባናውን መቼም አልረሳውም። አሁን የመጨረሻውን ጥያቄ ልጠይቅ። ሜምብሬኑ ለ40 ላም ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? በቁርጥ ንገሩኝ።

ሞጣ_ስዊድን (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10)

በቁርጥ፦ አያዋጣም። ምክንያቱን ግን በቁጥር ላሳይዎት፤ ዝም ብለው እንዲቀበሉኝ አልፈልግም።

አንድ ታስራ የምትበላ ዲቃላ ላም በቀን 20 ኪሎ ያህል እበት ትጥላለች። 40 ላም 800 ኪሎ። አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ቢሰጥ በቀን 30 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሚቴኑ 18 ሜትር ኩብ። ይህ ትንሽ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ሚቴን እንደ አንድ ሊትር ናፍጣ ነው። በየቀኑ 18 ሊትር ናፍጣ፣ ወይም አንድ ባለ 12.5 ኪሎ ቡታጋዝና ትርፍ፣ ከጓሮዎ ይወጣል ማለት ነው።

በሰዓት ሲሆን ግን 1.25 ሜትር ኩብ ነው። እኔ የማውቃቸው የሚሸጡ የሜምብሬን ጣቢያዎች ትንሹ በሰዓት ከአሥር ሜትር ኩብ በላይ ነው የሚጀምረው። የኮምፕሬሰሩ፣ የማቀዝቀዣው፣ የመቆጣጠሪያው ወጪ ጋዙ ባነሰ ቁጥር አይቀንስም። መብራት ሲጠፋም ሁሉም ይቆማል። ላሚቱ ግን አትቆምም።

ሰው «እንግዲያውስ አንድ ትንሽ ቱቦ ብቻ ልግጠም» ይላል። አንድ ደረጃ ብቻ ካደረጉ ከሚቴንዎ ከመቶ 10 እና ከዚያ በላይ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር አየር ላይ ይወጣል። ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ንጹሕ ነዳጅ እንሥራ ብለን አየሩን እናበላሻለን። ይህን ለማስቀረት ነው ትልልቆቹ ጣቢያዎች በሦስት ደረጃ የሚሠሩት። በመጀመሪያው ያመለጠውን በሌላ ሜምብሬን መልሰው ይለቅማሉ፣ የተለቀመውን ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመልሱታል። እንዲህ ሲሆን የሚጠፋው ከመቶ አንድ አይሞላም።

የአገራችን ከፍታም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚስበው ጋዝም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ታስቦ የተሠራ መሣሪያ ሳይሰላ ቢመጣ ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን አይሰጥም።

ለእርስዎ የምመክረው ይህ ነው። ጋዙን በዝገት ያጣሩ፣ ውሃውን ይጣሉ፣ በዝቅተኛ ግፊት በቱቦ ለጎረቤት ያድርሱ። ከራስዎ ተርፎ 24 ሜትር ኩብ ቢኖር፣ አንድ ቤት በቀን ሁለት ቢጠቀም፣ 12 ቤት ያበስላል። ኮምፕሬሰር የለም፤ ሲሊንደር የለም።

ጣና_ዳር (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡15)

እኔ ግን ይህ ውይይት «አያዋጣም» ላይ እንዲቆም አልፈልግም። ለአንድ ሰው አያዋጣ ይሆናል። ለከተማስ?

በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ጥሬ ጋዝ የሚያጣራ ጣቢያ በቀን 1,200 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በእበት ብቻ 1,600 ላም ገደማ ነው። አንድ በረት ውስጥ አይገኝም። ግን የባሕር ዳርን ቄራ፣ የዩኒቨርሲቲ ካፌዎችን ትራፊ፣ የገበያውን የአትክልት ውዳቂ፣ የቡሬን አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተረፈ ምርት አስቡት። ይህ ሁሉ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ የሚከማች ነገር ነው። የተጣራው ሚቴን ቆሻሻውን የሚያነሱትን መኪኖች ራሳቸውን ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

ስለ እንቦጭም ሁልጊዜ ይነሳል፤ እዚህ ሐይቁ ዳር የምንኖር ሰዎች ስለሚያንገበግበን ነው። እንቦጭ ይበላላል፣ ጋዝም ይሰጣል። ግን ከመቶ ከ90 በላይ ውሃ ነው። አንድ ኩንታል ስትጭን 90 ኪሎ ውሃ ጭነሃል። ስለዚህ እዚያው ዳርቻው ላይ ካልተበላላ በመኪና አያስኬድም። ከእበት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ማሟያ ይሆናል፤ ጣቢያ በእሱ ላይ ተማምኖ መትከል ግን አይገባም።

የመራዊ_ልጅ (ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡40)

ዝቃጩንም አትርሱት። የእናቴ በቆሎ ዘንድሮ ከጎረቤት ቁመቱ የበለጠው በእሱ ነው። ኩበት ሆኖ ቢነድድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄድ ነበር። ማብላያው ግን ጋዙን ወስዶ ማዳበሪያውን ይመልስልናል። መምህር፣ 12ቱ ጎረቤቶች እበት ካላቸው እነሱ እበት ያምጡ፣ እርስዎ ጋዝና ዝቃጭ ይስጡ። ብር ሳይነሳ መጀመር ይቻላል።

ዳሞት40 (ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00)

ቆየሁባችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የቶርኖ ቤት ፍርፋሪ ደረሰኝ። አጠብነው፣ ጨው ውሃ ረጨነው፣ ዘጠኝ ቀን ጣራ ላይ ሰነበተ። እንደ በርበሬ ቀላ። ሁለት ባለ 200 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ፣ ቁመታቸው አንድ ሜትር ተኩል፣ አቁመን ሞላናቸው። ላብራቶሪ በሰው የላከልኝን፣ በሊድ አሲቴት የተነከረና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲነካው የሚጠቁር ወረቀት ይዤ፣ ከማጣሪያው በፊት ካለው ቧንቧ ላይ አስጠጋሁት። ዓይኔ እያየ ጥቁር ሆነ፤ አሥር አልቆጠርኩም። ከማጣሪያው በኋላ ካለው ላይ ሌላ ወረቀት አስጠጋሁ። ቆጠርኩ፣ ቆጠርኩ፣ ነጭ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። የወጥ ቤቷ የመዳብ ጀበና ለምን እንደሚጠቁር ያኔ ገባት።

በ23ኛው ቀን ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ግራጫ ማለት ጀመረ። ወደ ሁለተኛው ቱቦ ቀየርን። የመጀመሪያውን ውሃ አርከፍክፈን ውጭ ቀስ ብለን ከፈትነው። እጄን ሳስጠጋ ይሞቃል፤ እንደተነገረኝ ነው።

ቱቦው ለሦስት ጎረቤቶች ተዘርግቷል። ቁልቁለቱን በውሃ ልክ ለካነው፤ ረገብ የሚለው ቦታ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ቧንቧ አስገባን። ሁለቱ ቤቶች እበት ያመጣሉ፣ አንደኛዋ መበለት ስለሆነች ምንም አልጠየቅናትም። የዘጠኙ ቤቶች ቦይ ከመስቀል በኋላ ይቆፈራል። ማታ መውጫው ላይ የነበረው ቡልቅታ በጣም ቀንሷል።

ጄኔሬተሩን ቶርኖ ቤት ኩሽኔታውን ቀይሮልኛል። በተጣራ ጋዝ ሁለት ሳምንት ሠርቷል፤ ዘይቱን ትናንት አይቼው ገና ማር ይመስላል። በየ50 ሰዓቱ እያየሁ እጽፋለሁ።

ጣና ዳር፣ የከተማውን ነገር የወተት ማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንስቼዋለሁ። ስንት ላም፣ የት የት እንዳለ መቁጠር ጀምረናል። ሞጣ፣ ለዕረፍት ስትመጣ ያ የተሰበረው የክር ቱቦ ካልተጣለ ይዘኸው ና። ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት።

ሞጣ_ስዊድን (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30)

መምህር፣ አልተጣለም። ጥር ላይ ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ይሆናል። እስከዚያ የዘይቱን ቀለም መጻፍዎን አይተዉ።